«ማሽን ላይ ነው»፤ ከዚያስ?

አዲስ አበባ ውስጥ ከሸጎሌ ወደ ጳውሎስ ሆስፒታል የሚወርደው ሚኒባስ ጠዋት ጠዋት ጢም ብሎ ነው የሚነሳው። ዩኒፎርም የለበሱ ተማሪዎች፣ ከአውቶቡስ ዴፖው የሌሊት ፈረቃ ጨርሰው የሚወጡ ሠራተኞች፣ ወደ መርካቶ የሚሻገሩ ነጋዴዎች ይሳፈሩበታል። ከመሀላቸው ፔርሙዝ ጉልበታቸው ላይ ያቀፉ፣ በኩርቱ ፌስታል ጋቢና ንጹሕ አንሶላ የያዙ ሰዎች አይታጡም። አስታማሚዎች ናቸው። አጠገባቸው የምትቀመጥ እናት ደግሞ ሳትጠይቅ ማለፍ አይሆንላትም።

«ማን ታሞብህ ነው ልጄ?»

«ወንድሜ ነው እማማ።»

«ተኝቶ ነው?»

«አዎ፣ አይሲዩ ነው ያለው። ማሽን ላይ ነው።»

ጨዋታው እዚህ ላይ ይቋረጣል። «እግዜር ይማርልህ» ትለዋለች፤ ድምፀቷ ግን «ነፍስ ይማር» የሚሉት ዓይነት ነው። በከተማችን «ማሽን ላይ ነው» ማለት የመርዶ ዋዜማ ሆኖ ይሰማል። ፍርሃቱ ከሜዳ የመጣ አይደለም፤ አይሲዩ፣ ማለትም ፅኑ ሕሙማን ክፍል፣ የሚገባ ሰው ቀድሞውኑ ከሞት ጋር ግብግብ የገጠመ ነው። የማይነገረው ግን ሌላው ወገን ነው፤ ከዚያ ማሽን በእግራቸው ወጥተው ቤታቸው የገቡ ብዙ መሆናቸው፣ የወጡትም ማሽኑ ስለለቀቃቸው ሳይሆን ሰው ቀን ከቀን ተከታትሎ ስላላቀቃቸው መሆኑ።

> የመተንፈሻ ቱቦ ማስገባት የደቂቃዎች ሥራ ነው። ማውጣቱ ቀናት፣ አንዳንዴም ሳምንታት ይፈጃል።

ቃሉን የለመድንበት ዓመት

የዚህን የመተንፈሻ ማሽን ስም፣ ቬንትሌተር የሚለውን ቃል፣ አብዛኞቻችን የለመድነው በኮቪድ ጊዜ ነው። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. በአገራችን የመጀመሪያው ታማሚ መገኘቱ ከተነገረ በኋላ የሁሉ ሰው ጥያቄ «ስንት አለን?» ሆነ። መልሱ ከመቶ ሚሊዮን በላይ ለሆነ ሕዝብ የሚያስደነግጥ ነበር። የጃክ ማ ፋውንዴሽን ለአፍሪካ አገሮች የላካቸው ቬንትሌተሮች በቦሌ በኩል ተከፋፈሉ፤ ኤካ ኮተቤ ሆስፒታል ለኮቪድ ተለየ፤ በኮንሰርትና በባዛር የምናውቀው ሚሊኒየም አዳራሽ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሜዲካል ኮሌጅ ሥር የሕክምና ማዕከል ሆነ። ጋዜጣውም ሬዲዮውም ማሽን ቆጠረ። ታማሚውን ከማሽኑ ማን እንደሚያወርደው የጠየቀ ጥቂት ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2021 ላንሴት ላይ የወጣ አንድ ጥናት ኢትዮጵያን ጨምሮ በ10 የአፍሪካ አገሮች የሚገኙ 64 ሆስፒታሎችን ተመለከተ። በፅኑ ሁኔታ ከተኙት የኮቪድ ሕሙማን ግማሽ ያህሉ በ30 ቀናት ውስጥ ሞተዋል። ከሞቱ ቁጥር ይልቅ እኔን ያስቆመኝ ሌላው ግኝት ነው፤ ምንም ማሽን የማይጠይቀው፣ ታማሚን በሆዱ የማስተኛት ዘዴ እንኳ ለብዙዎች ሳይደረግ ቀርቷል። አንድ ቱቦ የገባለትን ሰው በሆዱ ለመገልበጥ አራትና አምስት የሠለጠኑ እጆች ያስፈልጋሉ። የጎደሉት እነዚህ እጆች ሳይሆኑ አይቀሩም።

ሲያርፍ የሚከስም ጡንቻ

ጤነኛ ሰው አየር ወደ ውስጥ ይስባል እንጂ አየር አይገፋበትም። ከሳንባ ሥር የተዘረጋው ድያፍራም የሚባለው ጡንቻ ወደ ታች ሲወርድ ደረት ይሰፋል፤ አየሩም ተከትሎ ይገባል። ቬንትሌተር ይህን ይገለብጠዋል። ከጣት የቀጠነ ቱቦ በአፍ ገብቶ፣ በድምፅ አውታሮች መሀል አልፎ የትንፋሽ ቧንቧ ውስጥ ይቀመጣል፤ ጫፉ አካባቢ ያለችው ትንሽ ፊኛ ተነፍታ ዙሪያውን ትደፍናለች፤ ማሽኑም አየርና ኦክስጅን ቀላቅሎ በቱቦው ይገፋል። ታማሚው መናገር የሚያቅተው በዚህ ምክንያት ነው። ቤተሰብ «አንደበቱ ተዘጋ» ብሎ ይደነግጣል፤ የተዘጋው አንደበቱ ሳይሆን የድምፁ መንገድ ነው።

ማሽኑ በሽታ አያክምም። የሳንባ ምቹ በመድኃኒት፣ በፀረ ተባይ የተመረዘው በማርከሻ፣ ጭንቅላት ውስጥ የፈሰሰው ደም በቀዶ ሕክምና እስኪታከም ድረስ ትንፋሽን ይዞ ያቆያል እንጂ። የሚያስከፍለው ዋጋ ግን አለ። እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት፣ አንጎላቸው የሞተና አካላቸውን ለመለገስ የተዘጋጁ ሰዎችን ድያፍራም መርምሮ ነበር። ከ18 እስከ 69 ሰዓት ድረስ ማሽን ብቻ የተነፈሰላቸው ናቸው። የጡንቻው ክሮች ከሌሎች ጋር ሲነጻጸሩ ውፍረታቸው ከግማሽ በታች ወርዶ ተገኘ። እግሩ ተሰብሮ ጀሶ የታሰረለት ሰው ጀሶው ሲፈታ እግሩን ቀጥኖ እንደሚያገኘው ማለት ነው፤ ልዩነቱ እግር ለመቅጠን ሳምንታት ሲወስድበት ድያፍራምን ሁለት ሦስት ቀን የሚበቃው መሆኑ ነው።

ሌላም አለ። ቱቦው ጉሮሮን ከፍቶ ስለሚይዝ ከአፍ የሚወርደው ምራቅና ጀርም ወደ ሳንባ መንገድ ያገኛል። ታማሚው በገባበት በሽታ ላይ ማሽኑ ያመጣው የሳንባ ምች ሊደረብበት ይችላል። የአልጋው ራስጌ ከፍ ተደርጎ የሚቀመጠውና ነርሷ የታማሚውን አፍ በየጊዜው የምታጸዳው ለዚህ ነው። ታማሚው ቱቦውን እንዲችል የሚሰጠው ማስተኛ መድኃኒት ደግሞ አእምሮን ያናውጣል፤ የዳኑ ሰዎች ግድግዳው ላይ ሰው ሲራመድ እንዳዩ፣ ሐኪሞቹ ሊገድሏቸው የመጡ እንደመሰላቸው ይናገራሉ። እንግዲህ ማሽኑ ላይ አንድ ቀን መቆየት ካስፈለገ ይቆያሉ፤ ካላስፈለገ ግን ያ ቀን ጉዳት ነው።

«ማስተኛውን ዝጊው»

በጉለሌ ክፍለ ከተማ ካሉት ሆስፒታሎች በአንዱ፣ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ላይ። ፅኑ ሕሙማን ክፍሉ ከውጭ እንደሚታሰበው ጸጥ ያለ አይደለም፤ ሞኒተሩ ይጮኻል፣ አክታ መምጠጫው ይንኮራኮራል፣ አንዱ ማሽን ያለ ምክንያት በሚመስል ሁኔታ ይንጫጫል። በየአልጋው ራስጌ አምቡ የሚሏት በእጅ የምትጨመቅ ፊኛ ተሰቅላለች። መብራት ሲጠፋና ጄኔሬተሩ ሲዘገይ፣ ወይም ማሽኑ ራሱ ሲያምጽ ትንፋሽ የምታቀብለው እሷ ናት።

አንዱ አልጋ ላይ ባጃጅ የገለበጠው ወጣት ጭንቅላቱ በፋሻ ተጠቅልሎ ተኝቷል። ከማዶ ግፊት ጨምሮባት ምጥ ላይ ያንቀጠቀጣት ወላድ አለች። በመስኮቱ በኩል ደግሞ ከሱሉልታ አቅጣጫ በሳንባ ምች የመጡ አዛውንት። ዛሬ ጉዳዩ የእሳቸው ነው። ትኩሳቱ ወርዷል፤ ከማሽኑ የሚፈልጉት ኦክስጅን ቀንሷል፤ የደም ግፊታቸው ያለ ብርቱ መድኃኒት ቆሟል። ሐኪሙ ወደ ነርሷ ዞሮ «ሲስተር፣ ማስተኛውን ዝጊው» ይላል።

ከዚያ መጠበቅ ነው። መድኃኒቱ ከደም እስኪወጣ አንዱን ግማሽ ሰዓት፣ ሌላውን ግማሽ ቀን ይፈጅበታል። ነርሷ ጎንበስ ብላ «አባባ፣ ይሰሙኛል? ዓይንዎን ይግለጡ» ትላቸዋለች። መልስ የለም። «ኢጀ ኬ በኒ» ስትላቸው ዓይናቸውን ይገልጣሉ። ከሸጎሌ ወጣ ሲሉ ኦሮምኛ የሚነገርባቸው ቀበሌዎች ናቸው፤ ስንት ሰው «ትእዛዝ አይቀበልም» ተብሎ የተመዘገበው በማያውቀው ቋንቋ ስለተጠየቀ እንደሆነ ማሰብ ያስጨንቃል።

እጅ ጨበጡ። ሳሉ። ቀጥሎ ያለው ፈተና ለማየት የሚያስቅ ያህል ቀላል ነው። ማሽኑ ይነቀልና ቱቦው ጫፍ ላይ ቲ-ፒስ የምትባል ባለ ሦስት አፍ ፕላስቲክ ትሰካለች፤ በአንዱ አፍ እርጥብ ኦክስጅን ይገባል፣ በሌላው ትንፋሽ ይወጣል። ወይም ማሽኑ ሳይነቀል ግፊቱ እስከ ታች ይወርድና ቱቦውን ለማሸነፍ ያህል ብቻ ይረዳል። ለ30 ደቂቃ፣ ሲበዛ ለ2 ሰዓት ታማሚው በራሱ ይተነፍሳል። ሰው ያያል።

የሚታየው ብዙ ነው። በደቂቃ ከ35 ጊዜ በላይ እየተነፈሰ ነው ወይ? ላብ አጥምቆታል ወይ? የአፍንጫው ክንፎች ይርገበገባሉ ወይ? የአንገቱ ጅማቶች ይወጠራሉ ወይ? ልቡ ጋለበ ወይ? ዓይኑ ፈጠጠ ወይ? አንድ ቀላል ስሌትም አለ። በደቂቃ የተነፈሰበት ቁጥር በአንድ ትንፋሽ ላስገባው አየር በሊትር ይካፈላል። 25 ጊዜ እየተነፈሰ በእያንዳንዱ 0.4 ሊትር ካስገባ ውጤቱ 62 ገደማ ይሆናል፤ ደህና ነው። 40 ጊዜ እየተነፈሰ 0.25 ሊትር ብቻ ካስገባ 160 ነው፤ እንደ ውሻ እያለከለከ ነው ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 ይህን ስሌት ያወጡት ሁለት ሐኪሞች ወሰኑን 105 ላይ አድርገውታል። ለዚህ ወረቀትና እስክሪብቶ ይበቃል።

ካልተሳካ ማሽኑ ይመለሳል፤ ሰውየው እስከ ነገ ያርፋል፤ ሐኪሙም ምክንያት ፍለጋ ይገባል። ሰውነት ውስጥ ውሃ በዝቶ ልብ ከብዶት ይሆን? አክታው ወፍሮ ይሆን? የደሙ ፖታሲየም ወርዶ ይሆን? ወይስ የተራበ ጡንቻ ነው? ከተሳካ ደግሞ ታማሚው ከፍ ብሎ ይቀመጣል፣ አፉና ቱቦው ይጸዳል፣ ፊኛዋ ትተነፍሳለች፣ «በኃይል ይሳሉ!» ይባላል፤ ቱቦው ይወጣል። ብዙዎች መጀመሪያ የሚሉት «ውሃ» ነው። ወዲያው አይሰጣቸውም፤ ቱቦ የሰነበተበት ጉሮሮ መዋጥን ይረሳል፣ ውሃውም ወደ ሳንባ ሊሄድ ይችላል። ቀጣዮቹ ሁለት ቀናት ከበፊቱ ይልቅ ዓይን የሚፈልጉ ናቸው። ከአሥር ሰው አንድ ወይም ሁለቱ ተመልሰው ቱቦ ይገባላቸዋል፤ ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይከፋል።

> «ከሁሉ የሚከብደው ቱቦውን ማውጣት አይደለም። ዛሬ ነው ብሎ መወሰኑ ነው።» (የፅኑ ሕሙማን ሐኪም)

ውሳኔው ለምን እንደሚከብድ መገመት አያዳግትም። ወጥቶለት ያልቻለ ሰው ስሙ ከሐኪሙ ስም ጋር ይነሳል፤ ሳያስፈልገው ሦስት ቀን ማሽን ላይ ቆይቶ የሳንባ ምች የያዘው ሰው ግን የማንም ጥፋት አይመስልም። እዚህ ላይ አንድ የሚያሳፍር እውነት አለ። ታማሚዎች አንዳንዴ ራሳቸው ቱቦውን መዝዘው ያወጡታል። እጃቸው በፋሻ ከአልጋው ጋር የሚታሰረው ለዚህ ነው። በተለያዩ አገሮች የተደረጉ ጥናቶች እንደሚያሳዩት ግን ከእነዚህ ሰዎች ግማሽ ያህሉ ተመልሶ ቱቦ አላስፈለጋቸውም። ሐኪሞቹ ገና ነው ሲሉ እነሱ ዝግጁ ነበሩ ማለት ነው።

በእጅ የተጀመረ ነገር

የፅኑ ሕሙማን ሕክምና የተጀመረው በማሽን ሳይሆን በእጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1952 የበጋ መጨረሻ ኮፐንሃገን ከተማን ፖሊዮ መታት። በሽታው የመተንፈሻ ጡንቻን ሽባ እያደረገ ሕፃናትን በየቀኑ ይጨርስ ነበር። በጊዜው የነበረው መሣሪያ ታማሚውን እስከ አንገቱ የሚውጥ የብረት ሳጥን ነው፤ ሕሙማኑ የተኙበት ሆስፒታል የነበረው ደግሞ በጣት የሚቆጠር። ብዮርን ኢብሰን የተባለ የማደንዘዣ ሐኪም የአንዲት ልጅ ጉሮሮ ተቀድዶ ቱቦ እንዲገባ አደረገና በእጁ ፊኛ እየጨመቀ አተነፈሳት። ተረፈች። ከዚያ በኋላ ወደ 1,500 የሚጠጉ የሕክምና ተማሪዎች ፈረቃ ገብተው ለወራት ቀንና ሌሊት ፊኛ ጨመቁ። በዓመቱ ኢብሰን በዚያው ከተማ ዛሬ አይሲዩ የምንለውን ክፍል ከፈተ።

ይህን ታሪክ ለአገራችን ኢንተርን ሐኪም ቢነግሩት አይደነቅም። ቬንትሌተር እስኪለቀቅ ድንገተኛ ክፍል ውስጥ አምቡ ሲጨምቅ ያደረ ስንት አለ። ዘመድ ሲያግዝ ያደረበትም ጊዜ አለ።

ከማሽን ማውረዱ ራሱን የቻለ ጥበብ የሆነው ግን ዘግይቶ ነው። እ.ኤ.አ. እስከ 1990ዎቹ ድረስ ልማዱ የማሽኑን እርዳታ በጥቂት በጥቂቱ መቀነስ ነበር፤ ዛሬ ትንሽ፣ ነገ ትንሽ። በ1995 ስፔናውያን ሐኪሞች አራት መንገዶችን አነጻጽረው፣ በቀን አንድ ጊዜ ሙሉ በሙሉ በራሱ እንዲተነፍስ የተሞከረ ሰው በዝግታ ማሽን ከሚቀነስለት ሰው ከሁለት እስከ ሦስት እጥፍ ፈጥኖ እንደሚወርድ አሳዩ። በዓመቱ አሜሪካ ውስጥ ደግሞ፣ ነርስና የመተንፈሻ ባለሙያ በየጠዋቱ ሁሉንም ታማሚ እየፈተሹ ዝግጁ የሆነውን ለሐኪሙ ሲያሳውቁ ማሽን ላይ የሚቆዩበት ጊዜ ከ6 ቀን ወደ 4 ቀን ተኩል ወረደ። በ2008 የማስተኛ መድኃኒቱን በየቀኑ ማቋረጥና የትንፋሽ ሙከራው አንድ ላይ ሲደረጉ፣ በዚህ መንገድ ከታከሙ ከየ7 ሰዎች አንድ ተጨማሪ ሰው ዓመቱን በሕይወት እንደሚያገኝ ታየ። ከእነዚህ ጥናቶች አንዱም አዲስ ማሽን አላመጣም። ያመጡት የየዕለት ልማድ ነው።

ሦስት አራተኛ አየር

የእንጦጦን ግርጌ ይዞ ከ2,400 ሜትር በላይ ለተቀመጠ ሆስፒታል ግን ከውጭ የመጣው መጽሐፍ እንዳለ አይሠራም። ጉለሌ ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ወደብ ጋር ሲነጻጸር ሦስት አራተኛ ያህል ነው። በአየሩ ውስጥ ያለው የኦክስጅን ድርሻ አንድ ዓይነት ቢሆንም ወደ ደም የሚገፋው ኃይል ያንሳል። ጤነኛ የሸጎሌ ሰው ደሙ ውስጥ የሚለካው የኦክስጅን ግፊት፣ ጅቡቲ ላይ ቢለካ ሐኪም የሚያስደነግጥ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ «ይህን ያህል ካልደረሰ ከማሽን አይወርድም» የሚለውን ቁጥር እንደወረደ የሚከተል ሰው ደህና የሆነውን ታማሚ ያለ ጥፋቱ ያቆያል። ዓለም አቀፉ የሳንባ ጉዳት መለኪያም ከ1,000 ሜትር በላይ ሲሆን ቁጥሩ በአየር ግፊቱ እንዲታረም ያዝዛል። ይህችን አንቀጽ የሚያስታውሳት ግን ሁሉም አይደለም።

የደም ጋዝ መለኪያ መሣሪያው በብዙ ቦታ ወይ የለም ወይ ኬሚካሉ አልቋል። ለዚህ ብልሃት የተበጀው ሩዋንዳ ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 በታተመ ጥናት ኪጋሊ ውስጥ የሠሩ ሐኪሞች፣ በደም ጋዝ ፋንታ ጣት ላይ በምትሰካው የኦክስጅን መለኪያ፣ በራጅ ፋንታም በአልትራሳውንድ መጠቀም እንደሚቻል አሳዩ። ዓለም ከዓመታት በኋላ ወደዚያው መጥቷል።

   

ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ማን አለ?

በአንዳንድ አገሮች ቬንትሌተር የሚከታተል፣ የትንፋሽ ሙከራውን የሚያደርግ፣ አክታ የሚያወጣ፣ ስሙ የመተንፈሻ ቴራፒስት የተባለ ባለሙያ አለ። እኛ ዘንድ በአብዛኛው ሆስፒታል ይህ ራሱን የቻለ የሥራ መደብ አይደለም። ሥራውን ነርሷ፣ አኔስቴዢስቱና ተረኛ ሐኪሙ ተከፋፍለው ይሠሩታል። ነርሷ ደግሞ በዚያው ሰዓት ሌላ ሁለት ታማሚ አላት። የትንፋሽ ሙከራ ማለት ለግማሽ ሰዓት ከአንድ ሰው አጠገብ አለመነቃነቅ ነው። ያንን ግማሽ ሰዓት የምታገኘው ከማን ወስዳ ነው?

«ጠዋት ራውንድ ላይ ሁሉም አለ» ትላለች በዚህ ሥራ ዓመታት ያሳለፈች ነርስ። «ሌሊት ግን እኔና ማሽኑ ነን። ማሽኑ ሲጮህ መጀመሪያ ድምፁን ማጥፋት ነው የሚመጣብህ፤ እሱን ነው የምንታገለው።»

ሌላው ችግር የማሽኖቹ ዝርያ ነው። አንዱ በልገሳ፣ ሌላው በግዢ፣ ሦስተኛው በኮቪድ ጊዜ የመጣ ነው፤ ቁልፉም ቋንቋውም ይለያያል። ባዮሜዲካል ባለሙያዎች የሚነግሩን ታሪክ ተመሳሳይ ነው፤ የአንዲት ሴንሰር ወይም የአንዲት ባትሪ ጉድለት ሙሉውን ማሽን ጥግ ያስይዘዋል።

ተስፋ የሚሰጥ ነገር የለም ማለት ግን ውሸት ይሆናል። በ2003 ዓ.ም. አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የድንገተኛ ሕክምና ስፔሻሊቲ ሥልጠና ጀመረ። በ2005 ዓ.ም. ጥቁር አንበሳ ላይ የሳንባና የፅኑ ሕክምና ንዑስ ስፔሻሊቲ ተከፈተ፤ ዛሬ በየሆስፒታሉ «ማስተኛውን ዝጊው» ከሚሉት ሐኪሞች አንዳንዶቹ ከእነዚህ ሥልጠናዎች የወጡ ወይም ከእነዚህ በወጡ የተማሩ ናቸው። የጉለሌ ሰፈርም ለሳንባ ሕክምና እንግዳ አይደለም፤ እንጦጦ ላይ ያለው ቅዱስ ጴጥሮስ ሆስፒታል ትውልዶች በሳንባ ነቀርሳ የታከሙበት፣ መድኃኒት የተላመደውም ነቀርሳ በአገራችን መጀመሪያ መታከም የጀመረበት ነው። የጎደለው በየደረጃው ያለ ሰው ነው። ሐኪሙ በቀን አንድ ጊዜ ይመጣል፤ ታማሚው በቀን 24 ሰዓት ይተነፍሳል።

> ማሽን በልገሳ ይመጣል። ሌሊቱን አጠገቡ የሚቆም ነርስ በልገሳ አይመጣም።

በሩ ላይ

ከፅኑ ሕሙማን ክፍሉ በር ውጭ ያለው ኮሪደር ሌላ ዓለም ነው። ጋቢ ተነጥፏል፣ ሰው ተደግፎ ተኝቷል፣ አጥሚት በፔርሙዝ ይጠብቃል። አጥሚቱ ለይስሙላ አይደለም፤ በብዙ ሆስፒታል በአፍንጫ ወደ ጨጓራ በሚገባው ቀጭን ቱቦ የሚሰጠውን ምግብ የሚያዘጋጀው ቤተሰብ ነው። ጾም ሲሆን «ወተት ይሰጠው ወይስ ይቅር?» የሚል ክርክር ይነሳል። ድያፍራም ሥጋ መሆኑን፣ የቀጠነ ጡንቻም እንደ ወተትና እንቁላል ያለ ገንቢ ምግብ ካላገኘ በቀላሉ እንደማይመለስ በወጉ የሚያስረዳ ሰው ከተገኘ ክርክሩ ያበቃል፤ ሕመምተኛ ጾም እንደሌለበት ካህኑም ይናገራሉ።

በሃይላንድ ጠርሙስ ጠበል ይመጣል። አስተዋይ ነርስ አትከለክልም፣ በአፍም አታሳልፍም፤ ጥጥ ነክራ ግንባሩን ታብሰዋለች። እናትየው ያን ካየች በኋላ ሌላውን ሁሉ ታምናታለች።

የሚከብደው «ማሽኑን ልንነቅልለት ነው» የሚለው ዜና ነው። ሐኪሙ የምሥራች እየተናገረ ነው፤ የሰሚው ጆሮ ግን «ተስፋ ቆረጥን» ብሎ ይሰማዋል። አንዳንዱ «ገንዘብ ከሆነ እንከፍላለን፣ አትንቀሉት» ብሎ ይለምናል። በግል ሆስፒታል ከሆነ ደግሞ ጥርጣሬው ይገለበጣል፤ «ማሽኑ ላይ ያቆዩት ሒሳብ እንዲቆጥር ነው» ይባላል። ሁለቱም የሚመጡት ከአንድ ቦታ ነው፤ ከመጀመሪያው ቀን ማንም ቁጭ አድርጎ አላስረዳቸውም። ስለመውጣቱ መነገር ያለበት ቱቦው በገባበት ቀን ነው ባይ ነኝ። ከሁለትና ከሦስት ሳምንት በላይ የሚቆይ ታማሚ ጉሮሮው ላይ ትንሽ ቀዳዳ ሊከፈትለት እንደሚችልም እንዲሁ፤ ቤተሰብ አንገት ተቀደደ ሲባል ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሰማው ፊርማ ሲጠየቅ መሆን የለበትም።

ሁሉም ሰው ከማሽን አይወርድም። ሐኪም የቻለውን አድርጎ የማይሆንበት ጊዜ አለ፤ ያም በግልጽ ቋንቋ ሊነገር ይገባዋል። ግን ስንቱ የማይወርደው በሽታው አይሎበት እንደሆነ፣ ስንቱ ደግሞ ሞክሮ የሚያየው ሰው በማጣቱ እንደሆነ የሚለየው በየጠዋቱ የተሞከረና የተጻፈ ነገር ሲኖር ብቻ ነው። የጤና ሚኒስቴርም ሆነ የየሆስፒታሉ አስተዳደር የቬንትሌተር ቁጥር ሲያሳውቅ ከጎኑ ሌላ ቁጥር ቢጠየቅ እላለሁ፤ ዛሬ ጠዋት ስንቶቹ በራሳቸው እንዲተነፍሱ ተሞከረ?

የእርስዎ ሰው ማሽን ላይ ካለ፣ «ይተርፍ ይሆን?» ከሚለው ቀጥለው ሐኪሙን ይህን ይጠይቁት፦ ለምን ማሽን ላይ ገባ፣ ያ ምክንያት ተሻሽሏል ወይ፣ ማስተኛው ዛሬ ቆሞለታል ወይ፣ በራሱ እንዲተነፍስ መቼ ይሞከራል? ሲነቃ ቢንፈራገጥ «አስተኙልኝ» ለማለት አይቸኩሉ፤ መንቃቱ ከሥራው አንዱ ክፍል ነው። መግባት ከተፈቀደልዎት እጅዎን ታጥበው ይግቡና ስሙን ጠርተው፣ በሚያውቀው ቋንቋ ያናግሩት፤ ቀኑንና ያለበትን ቦታ ይንገሩት። መነጽር ወይም የመስሚያ መሣሪያ የሚያደርግ ከሆነም ይዘውለት ይሂዱ።